ሳይታመሙ የሚንኳኳ በር



 

በዛሬው ዓምዳችን የምናነሣው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲታይ የመንግሥት ቢሮ ጉዳይ እንጂ የቤተሰብ ጉዳይ ላይመስል ይችላል። ሆኖም በአሜሪካ የሚኖሩ እናቶቻችንና አባቶቻችን በእርጅና ዘመናቸው በጊዜው ሕክምና ማግኘት አለማግኘታቸው ብዙውን ጊዜ የሚወሰነው በዚሁ ነው። እርሱም ሜዲኬር ለተባለው የአረጋውያን የጤና መድን መቼ መመዝገብ፣ መቼስ ፕላን መለወጥ እንደሚቻል ማወቅ ነው። በሀገር ቤት ያላችሁ አንባቢዎቻችንም «ይህ እኛን ምን ያገባናል?» እንዳትሉ አደራ። ልጁ ወረቀቱን ጨርሶ ወደ አሜሪካ ሊወስደው የሚጠብቅ ወላጅ ዛሬ በየሰፈሩ አለ።

በቅድሚያ ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነንን ገጠመኝ እናካፍላችሁ።

በአሜሪካ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች በምናቀራበት መድረሳ፣ በጁን 2025 አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ አንድ አባት ወደ እኛ ቀረቡ። ሃያ ዓመት ያህል ታክሲ ሲነዱ የኖሩ፣ ከፈጅር ጀማዓ የማይጠፉ ሰው ናቸው። ከጃኬታቸው ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ደብዳቤ አውጥተው፣ «ኡስታዝ፣ እስቲ ይህችን ወረቀት ተመልከትልኝ፤ ልጆቹ ሥራ ላይ ናቸው» አሉን።

ደብዳቤው አጭር ነበር። የሆስፒታሉን ክፍል፣ ፓርት ኤ የሚባለውን፣ ተፈቅዶላቸዋል። የሐኪሙ ክፍል፣ ማለትም ፓርት ቢ ግን የምዝገባው ጊዜ ስላለፈ እስከ ጃንዋሪ 2026 ድረስ መመዝገብ አይችሉም። በዚያው ሰሞን ሐኪም ልባቸውን መርምሮ ቶሎ ክትትል እንዲጀምሩ ነግሯቸው ነበር። 65 ዓመት የሞላቸው በፌብሩዋሪ 2023 ነው። ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን እንዳልተመዘገቡ ስንጠይቃቸው፣ «አልሐምዱሊላህ ጤነኛ ነበርኩ። ሳልታመም ለበሽታ ምን ብዬ እከፍላለሁ? ደግሞም ዕድሜዬ ሲደርስ እነርሱው ራሳቸው ይጽፉኛል ብዬ ነው» አሉን።

ውድ አንባብያን! የእኚህ አባት ስህተት የእርሳቸው ብቻ አይደለም። «ሲያመኝ እመዘገባለሁ» የሚለው ሐሳብ በብዙዎቻችን ቤት አለ። ሜዲኬር ግን በሽታን ተከትሎ የሚከፈት በር አይደለም። የሚከፈተውም የሚዘጋውም በቀን ነው። እኛ ሙስሊሞች ደግሞ ይህን ለመረዳት ከማንም በላይ ቅርብ ነን፤ በቀን አምስት ጊዜ ወቅት ጠብቀን የምንቆም ሰዎች ነንና።

ሜዲኬር ምንድን ነው?

በጽሑፋችን የምንጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳውቃለን።

ሜዲኬር የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በዋነኛነት 65 ዓመት ለሞላቸው ሰዎች የሚሰጠው የጤና መድን ነው። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ሕጉን የፈረሙት ጁላይ 30 ቀን 1965 ሲሆን አገልግሎቱ በጁላይ 1966 ተጀመረ። ብዙ ሰው ከሜዲኬይድ ጋር ያምታታዋል። ሜዲኬይድ የሰውየውን ገቢ አይቶ የሚሰጥ ነው፤ ሜዲኬር ግን በዋናነት ዕድሜንና የሥራ ዘመንን ይመለከታል።

ሜዲኬር በክፍል የተከፋፈለ ነው። ፓርት ኤ ሆስፒታል ተኝቶ መታከምን ይመለከታል። ፓርት ቢ ሐኪም ዘንድ መሄድን፣ ምርመራንና ሳይተኙ የሚደረግ ሕክምናን ይሸፍናል። ፓርት ዲ የመድኃኒት ነው። ኤንና ቢን በቀጥታ ከመንግሥት የያዘ ሰው «ኦሪጂናል ሜዲኬር ላይ ነው» ይባላል። ሁለቱንም፣ ብዙ ጊዜም መድኃኒቱን ጨምሮ፣ በአንድ የግል ኩባንያ በኩል መውሰድ የፈለገ ደግሞ ሜዲኬር አድቫንቴጅ ወይም ፓርት ሲ የተባለውን ይመርጣል።

ለአሥር ዓመት ያህል የሜዲኬር ግብር እየከፈለ የሠራ ሰው ፓርት ኤን ያለ ወርሃዊ ክፍያ ያገኛል። ራሱ ባይሠራ እንኳ የባል ወይም የሚስት ሥራ ሊቆጠርለት ይችላል። ለፓርት ቢ ግን ሁሉም ይከፍላል፤ በ2026 መደበኛው ክፍያ በወር 202 ዶላር ከ90 ሳንቲም ነው። ገቢው ከፍ ያለ ሰው ከዚህ ይጨምራል፤ ገቢው ዝቅ ያለ ደግሞ በሚኖርበት ክፍለ ግዛት በኩል የሜዲኬር ቁጠባ ፕሮግራም የሚባለውን ጠይቆ ክፍያው ሊሸፈንለት ይችላል።

የመጀመሪያው በር ሰባት ወር ነው

አንድ ሰው 65 ዓመት ሲሞላው ሰባት ወር የሚቆይ የመጀመሪያ የምዝገባ ጊዜ ይሰጠዋል። ይኸውም ዕድሜው ከሚሞላበት ወር በፊት ያሉት ሦስት ወራት፣ ዕድሜው የሚሞላበት ወር ራሱ፣ ከዚያም በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ናቸው። ለምሳሌ በጁን 10 ቀን 65 የሚሞላቸው እናት በራቸው የሚከፈተው በማርች 1 ሲሆን የሚዘጋው በሴፕቴምበር 30 ነው። ከጁን በፊት ከተመዘገቡ መድናቸው በጁን 1 ይጀምራል። በጁን ወይም ከዚያ በኋላ ከተመዘገቡ ከተመዘገቡበት ቀጥሎ ባለው ወር ይጀምራል።

«ራሳቸው ይጽፉኛል» የሚለው አባባል በከፊል እውነት አለው። ነገር ግን እንዲያ የሚሆነው 65 ከመሙላቱ ቢያንስ አራት ወር አስቀድሞ የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ መቀበል ለጀመረ ሰው ነው። ገና እየሠራ ያለ፣ ጡረታውን ያልጠየቀ ሰው ግን ራሱ ማመልከት አለበት። የእኛ ሰዎች አብዛኞቹ እስኪደክሙ የሚሠሩ በመሆናቸው ይህ በተለይ ይመለከተናል።

የጃንዋሪ 1 ልደት

እዚህ ላይ ለእኛ ማኅበረሰብ ልዩ የሆነ አንድ ነገር አለ። የትውልድ ቀናቸው በትክክል ያልተመዘገበ ብዙ ወላጆቻችን ወደ አሜሪካ ሲገቡ በወረቀታቸው ላይ «ጃንዋሪ 1» ተብሎ ተጽፎላቸዋል። ሜዲኬር ደግሞ ልደቱ ከወሩ በመጀመሪያው ቀን ላይ የዋለ ሰው ዕድሜው አንድ ወር ቀድሞ እንደሞላ አድርጎ ይቆጥራል። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ ጃንዋሪ 1 ቀን 1962 የተባለ ሰው ሜዲኬሩ ሊጀምርለት የሚችለው ከዲሴምበር 1 ቀን 2026 ነው። በሩ የሚከፈተውም ሴፕቴምበር 1 ቀን 2026 ሲሆን ማርች 31 ቀን 2027 ይዘጋል። «እስከ ኤፕሪል ጊዜ አለኝ» ያለ ሰው ያመልጠዋል።

በእናታችን አፍ የሚነገረው ዕድሜ፣ «የተወለድኩት በእገሌ ዘመን ነው» የሚለው፣ ለቢሮው ዋጋ የለውም። የሚታየው ሶሻል ሴኩሪቲ ዘንድ የተመዘገበው ቀን ነው። ከሀገራችን አቆጣጠር ወደ ፈረንጆቹ ሲገለበጥ የተሳሳተ ዓመትም ሊኖር ስለሚችል፣ ልጆች ወረቀቱን ዛሬውኑ አውጥታችሁ ተመልከቱ።

ሥራ ላይ ላሉና ለአዲስ መጤዎች

65 ቢሞላውም እየሠራ ያለ ሰው፣ በራሱ ወይም በትዳር ጓደኛው መሥሪያ ቤት በኩል የጤና መድን ካለው፣ መሥሪያ ቤቱም 20 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት ከሆነ፣ ፓርት ቢን ያለ ቅጣት ማቆየት ይችላል። ሥራው ወይም መድኑ ካቆመበት ጊዜ ጀምሮ ስምንት ወር ይሰጠዋል። ይሁንና ከሥራ ከወጣ በኋላ በራሱ ክፍያ የሚያስቀጥለው ኮብራ የተባለው መድን እንደ ሥራ መድን አይቆጠርለትም። ማርኬትፕሌስ ላይ የተገዛ መድንም እንዲሁ አይቆጠርም። ታክሲ የሚነዳ፣ የራሱን ሱቅ የሚሠራ ወንድማችን ደግሞ አሠሪ የለውምና፣ የትዳር ጓደኛው መሥሪያ ቤት መድን ካልያዘው በቀር፣ ያችን የሰባት ወር በር ብቻ ይጠብቅ።

ከሀገር ቤት ለሚመጡ ወላጆች ሁኔታው ይለያል። በግሪን ካርድ የገባ፣ ዕድሜው 65 ያለፈ፣ በአሜሪካ ያልሠራ ሰው ሜዲኬርን መግዛት የሚችለው አምስት ዓመት ሳያቋርጥ ከኖረ በኋላ ነው። የልጅ ሥራ ለወላጅ አይቆጠርም። የፓርት ኤ ክፍያም በ2026 በወር እስከ 565 ዶላር ይደርሳል። ስለዚህ አምስተኛው ዓመት ከመሙላቱ ሦስት ወር ቀድሞ መጠየቅ፣ ገቢ የሌላቸው ከሆነም የክፍለ ግዛቱን ድጋፍ አብሮ ማመልከት ይገባል። በተጨማሪም በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ በስደተኝነት ወይም በጥገኝነት ብቻ ያሉ፣ ግሪን ካርድ ያላገኙ ሰዎችን ከሜዲኬር ያስወጣል። ይህ የሚመለከተው ቤተሰብ የግሪን ካርዱን ማመልከቻ ሳያዘገይ ከሕግ አዋቂ ጋር ይማከር።

በሩ ያመለጠው ሰው

ሁለቱም ጊዜያት ያለፉት ሰው የሚጠብቀው ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 31 ያለውን አጠቃላይ የምዝገባ ጊዜ ነው። መድኑ ከተመዘገበበት ቀጥሎ ባለው ወር ይጀምራል። የሚከብደው ግን ቅጣቱ ነው። ለእያንዳንዱ ሙሉ አሥራ ሁለት ወር መዘግየት በፓርት ቢ ክፍያ ላይ 10 ከመቶ ይጨመራል፤ ጭማሪውም ፓርት ቢን እስከያዘ ድረስ፣ ማለትም በአብዛኛው ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል። በመግቢያችን የጠቀስናቸው አባት ሁለት ሙሉ ዓመት በመዘግየታቸው 20 ከመቶ ተጨምሮባቸው በወር 40 ዶላር ከ60 ሳንቲም ያህል ተጨማሪ ይከፍላሉ። ለፓርት ዲም፣ ተመጣጣኝ የመድኃኒት መድን ሳይኖረው 63 ቀን ወይም ከዚያ በላይ የቆየ ሰው፣ በቆየበት ወር ልክ በየወሩ 1 ከመቶ ይታሰብበታል። ይህ ስሌት የሚሠራው በየዓመቱ መንግሥት በሚያወጣው መነሻ ዋጋ ላይ ነው። የሜዲኬር ቁጠባ ፕሮግራም ያገኘ ሰው ግን የፓርት ቢ ቅጣቱ ይነሣለታል። ስለዚህ ያለፈው አልፏል ብሎ ተስፋ መቁረጥ አይገባም።

ፕላን መለወጥ መቼ ይቻላል?

አንዴ ከገቡ በኋላ ፕላንን ለመለወጥ ዋናው ወቅት በየዓመቱ ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 ያለው ነው። በዚህ ጊዜ የተደረገ ለውጥ በጃንዋሪ 1 ይጸናል። ከዚያ በፊት፣ እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ፣ ከመድን ኩባንያው «በሚቀጥለው ዓመት የሚለወጡ ነገሮች» የሚል ደብዳቤ ይመጣል። በብዙ ቤት ይህ ደብዳቤ ሳይከፈት ይጣላል። ልጆች ከፍታችሁ ሦስት ነገር ብቻ ፈልጉ፤ የእናታችን ሐኪም በፕላኑ ውስጥ አለ ወይ? የምትወስደው መድኃኒት በዝርዝሩ ላይ አለ ወይ? ክፍያው ስንት ሆነ?

አድቫንቴጅ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 31 አንድ ጊዜ ወደ ሌላ አድቫንቴጅ ወይም ወደ ኦሪጂናል ሜዲኬር መዛወር ይችላል። ኦሪጂናል ላይ ያለ ሰው ግን በዚህ ጊዜ ወደ አድቫንቴጅ መግባት አይችልም። ከእነዚህ ውጭ ከፕላኑ አካባቢ ለቆ ወደ ሌላ ቦታ የሄደ፣ ሜዲኬይዱ የተቋረጠበት ወይም ሌላ መድኑን ያጣ ሰው ልዩ ጊዜ ይፈቀድለታል፤ ወዲያውኑ መጠየቅ አለበት።

አንድ የማይመለስ በርም አለ። ኦሪጂናል ሜዲኬር የማይከፍለውን ቀሪ ሒሳብ የሚሸፍነው ሜዲጋፕ የተባለ ተጨማሪ መድን ነው። 65 ሞልቶት ፓርት ቢ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ለስድስት ወር ማንኛውም የሜዲጋፕ ኩባንያ በሕመሙ ምክንያት አልቀበልም ሊለው አይችልም። ከስድስቱ ወር በኋላ ግን በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች የጤናውን ሁኔታ ጠይቆ ሊመልሰው ወይም ዋጋ ሊጨምርበት ይችላል። ይህ ወቅት በየዓመቱ አይመለስም። ስለዚህ «ዘንድሮ አድቫንቴጅ ልሞክር፣ ሲያመኝ ወደ ሌላው እመለሳለሁ» የሚል ሰው ይህን አስቀድሞ ያስብበት።

ወደ ሐጅ ወይም ወደ ሀገር ቤት ሲኬድ

ሜዲኬር ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልሆኑ በስተቀር ከአሜሪካ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና አይከፍልም። ለሐጅና ለዑምራ የሚሄዱ፣ ክረምቱን በሀገር ቤት የሚያሳልፉ ወላጆቻችን ይህን ይወቁ። አንዳንድ የሜዲጋፕ ዓይነቶች ለጉዞው የመጀመሪያ 60 ቀናት የድንገተኛ ሕክምናን በከፊል ይሸፍናሉ። አድቫንቴጅ ላይ ያለ ሰው ከፕላኑ አካባቢ በተከታታይ ከስድስት ወር በላይ ከራቀ በአብዛኛው ከፕላኑ ይሰረዛል። «አገር ቤት ስለምቆይ ለምን እከፍላለሁ?» ብሎ ፓርት ቢን የተወ ሰውም ሲመለስ የጃንዋሪውን በር መጠበቅና ቅጣቱን መክፈል ይኖርበታል።

ስለ ሑክሙ ለሚጠይቁ

«ኢንሹራንስ ሐላል ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ ያላችሁ አንባቢዎች አላችሁ፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በዲሴምበር 1985 ጅዳ ላይ ባደረገው ጉባኤ፣ ቋሚ ክፍያ የሚጠየቅበት የንግድ ኢንሹራንስ የማይፈቀድ መሆኑን ገልጾ፣ በመረዳዳት ላይ የቆመውን የኅብረት መድን በአማራጭነት አቅርቧል። ፓርት ኤ በዋናነት የሚተዳደረው ከሠራተኛው ደመወዝ 1.45 ከመቶ፣ ከአሠሪውም ያንኑ ያህል በሚቆረጥ ግብር ነው። የግል ኩባንያ ፕላኖች ደግሞ የራሳቸውን ጥያቄ ያስነሣሉ። ፈትዋ መስጠት የእኛ ድርሻ አይደለም፤ የምትተማመኑበትን ዓሊም ጠይቁ። የምንለምናችሁ ጥያቄውን ሰባቱ ወር ሳይጀምሩ እንድትጠይቁ ነው። በሩ ከተዘጋ በኋላ የሚመጣ መልስ ለበሽተኛው አይደርስለትም።

ለወጣቶች ያለን አደራ

ውድ ወጣቶች! ወላጆቻችሁ እናንተን ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ በማያውቁት ቋንቋ ቅጽ ሲሞሉ፣ ወረፋ ሲጠብቁ ኖረዋል። ዛሬ ተራው የእናንተ ነው። ለወላጅ መልካም መሆን ግንባራቸውን መሳም ብቻ አይደለም፤ ደብዳቤያቸውን ከፍቶ ማንበብም ከዚሁ ይቆጠራል። ስለዚህ እነዚህን ፈጽሙ።

አንደኛ፣ በወላጆቻችሁ ወረቀት ላይ ያለውን የትውልድ ቀን አይታችሁ ሰባቱን ወራት በቤታችሁ የሶላት መርሐ ግብር አጠገብ ጻፉ።

ሁለተኛ፣ 65 ለሞላቸው ኦክቶበር 15ንና ዲሴምበር 7ን በየዓመቱ አስታውሱ።

ሦስተኛ፣ ለምዝገባ ሶሻል ሴኩሪቲን፣ ስለ ፕላን ለመጠየቅ ሜዲኬርን በ1-800-633-4227 ደውሉ፤ አስተርጓሚ በነፃ ይሰጣል። በየክፍለ ግዛቱም ሺፕ የተባለ ነፃ የምክር አገልግሎት አለ፤ ምንም ፕላን አይሸጥም።

አራተኛ፣ ሳትጠይቁት ደውሎ የእናታችሁን የሜዲኬር ቁጥር ለሚጠይቅ ሰው ቁጥሩን አትስጡ።

እኚያ አባት በጃንዋሪ 2026 ተመዝግበው መድናቸው በፌብሩዋሪ 1 ጀመረ። ሰባት ወር ያህል በመድኃኒትና በዱዓ ቆይተው፣ አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ሐኪም ይከታተላቸዋል። ከዚያ ወዲህ በጀማዓው ውስጥ ስልሳውን ያለፈ ሰው ባዩ ቁጥር ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ «ልደትህ በወረቀቱ ላይ መቼ ነው?» ይላሉ። እኛም ጥያቄያቸውን ተውሰን ለእያንዳንዳችሁ ቤት እናቀርባለን።

አላህ ለወላጆቻችን ዓፊያና ረጅም ዕድሜ ይስጥልን፤ እኛንም የሚያገለግሏቸው ልጆች ያድርገን። ወቢላሂ ተውፊቅ።